ጥናታዊ ጽሑፍን ለማንበብ ከየት ልጀምር? ለአንዲት የአካባቢ ሳይንስ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂዋ ቱሉ ዲምቱ የምትኖር የአካባቢ ሳይንስ ተማሪ ናት። መምህሯ በአቃቂ ወንዝ ውኃ በሚለሙ አትክልቶች ውስጥ ስለሚገኙ ከባድ ብረቶች የተጻፉ የጆርናል ጽሑፎችን ሰጥተው በሰሚናር እንድታቀርብ አዝዘዋታል። አንዱን ጽሑፍ ከመጀመሪያው መስመር አንስታ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጠች ለቀናት ታነበዋለች፤ ሲያልቅ ግን ጽሑፉ ምን እንዳለ በራሷ ቃል መናገር ያቅታታል። በዚያ ላይ አንዱ ጽሑፍ ጎመኑ ለጤና አስጊ ነው ሲል ሌላው ከተፈቀደው መጠን በታች ነው ይላል። «ችግሩ የእንግሊዝኛ ችሎታዬ ነው ወይ? ከየት ልጀምር? የትኛውንስ ልመን?» ስትል ትጠይቃለች።

እኅቴ፣ ከእንግሊዝኛው ልነሣ፤ ብዙ ተማሪዎች ያለ አግባብ ራሳቸውን የሚወቅሱት በዚህ ነጥብ ነውና። ቋንቋው አያስቸግርም አልልም። ነገር ግን በአንድ ርእስ ዙሪያ የሚጻፉ ጥናቶች የሚጠቀሙባቸው ቃላት ውስን ናቸው፤ በዚያው ርእስ አምስት ስድስት ጽሑፎችን ካነበብሽ በኋላ አብዛኞቹ ቃላት ተመልሰው ስለሚመጡ መዝገበ ቃላቱን የምትከፍቺበት ጊዜ እያነሰ ይሄዳል። እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት ቋንቋ የሆነላቸው ተማሪዎችም የመጀመሪያዎቹን የጆርናል ጽሑፎች ሲያነቡ ይደናገራሉ፤ ጽሑፎቹ የተዘጋጁት በዚያው ሙያ ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች ስለሆነ፣ ባለሙያው ያውቀዋል ተብሎ የታሰበው ሁሉ ተዘልሏል። እኔ እንደማየው ዋናው እንቅፋት ሌላ ቦታ ነው። ከአንደኛ ደረጃ እስከ ብሔራዊ ፈተና፣ ከዚያም በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመታት፣ እጃችሁ የሚገባው ጽሑፍ መማሪያ መጽሐፍ ወይም ሃንድአውት ነበር። ሃንድአውት ላይ የሰፈረው ሁሉ ትክክል ነው ተብሎ ይጠናል፤ ተጠንቶም ለፈተና ይቀርባል። የጆርናል ጽሑፍ ግን እንዲመረመር እንጂ እንዲሸመደድ አልተጻፈም። አንቺም አንብበሽ ስትጨርሺ ባዶ እጅሽን የምትቀሪው ልትይዢው ስለምትሞክሪ ይመስለኛል።

ጥናታዊ ጽሑፍን እንደ ምስክር ቃል ብታዪው አነባበብሽ ወዲያው ይለወጣል። ምስክሩ «አየሁ» ሲል ዳኛው የት ቆመህ፣ በስንት ሰዓት፣ ከምን ያህል ርቀት ብሎ ይጠይቀዋል እንጂ የተናገረውን በቃሉ አያጠናም። የሳይንስ ጆርናሎች በ1665 በፓሪስና በለንደን መታተም ከጀመሩበት ጊዜ አንስቶ የያዙት ዋና ተግባር ይኸው ነው፦ አንድ ሰው ምን እንዳደረገና ምን እንዳገኘ ለሌሎች ማሳወቅ፣ ሌሎቹም እንዲመረምሩት መፍቀድ። ዛሬ የምታዪው የመግቢያ፣ የጥናት ዘዴ፣ የውጤትና የውይይት ክፍፍል በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተለመደ ሲሆን፣ ጥቅሙም አንባቢው የሚፈልገውን ክፍል መርጦ እንዲያወጣ ማስቻሉ ነው። እንግዲህ ክፍሎቹ ከታተሙበት ቅደም ተከተል ጋር የሚያስርሽ ነገር የለም።

ለጀማሪ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። አብስትራክቱን፣ ማለትም በጽሑፉ አናት ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያልገባሽን ቃል እየዘለልሽ አንብቢ። ከዚያ ወደ መግቢያው የመጨረሻ አንቀጽ ሂጂ፤ የጥናቱ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ጥያቄውን በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው። መጻፍ ካልቻልሽ አትቀጥይ፤ ጥያቄው ሳይታወቅ መልሱን መፈለግ ድካም ብቻ ነው። ጥያቄው ከተያዘ በኋላ በቀጥታ ወደ ሠንጠረዦቹና ወደ ግራፎቹ እለፊ፣ ቀጥሎ ወደ ጥናት ዘዴው ተመለሺ፣ ውይይቱን ግን ለመጨረሻ አቆዪው። ብዙ መምህራን ውይይቱ ይቀድም ይላሉ፤ ቀላል ስለሆነና ታሪኩን ስለሚያገናኝ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በውይይቱ ውስጥ የሚገኘው ጸሐፊዎቹ ለውጤታቸው የሰጡት ትርጉም ነው፤ እሱን ቀድሞ ያነበበ ተማሪ ሠንጠረዡን በጸሐፊዎቹ ዓይን ስለሚያይ፣ ቁጥሮቹ የማይሉትን ነገር እንዳሉ አድርጎ ይቀበላል።

አሁን ወደ ጥናት ዘዴው እንግባ፤ ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጪው የሚገባው ይህ ክፍል ነውና። መጀመሪያ ናሙናው ከየት፣ መቼና እንዴት እንደተወሰደ ፈልጊ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከሰሜን ከፍታዎች ተነሥተው አዲስ አበባን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርዱ በመንገዳቸው የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ከከተማው በላይ የተቀዳ ውኃና ከአቃቂ ቃሊቲ በታች የተቀዳ ውኃ በስም አንድ ወንዝ ቢሆኑም በይዘት አንድ አይደሉም። በነሐሴ ጎርፍ የተወሰደ ናሙናና በየካቲት፣ ወንዙ ቀንሶ የመስኖ ሥራ በሚበረታበት ጊዜ የተወሰደ ናሙናም እንዲሁ ይለያያሉ። ቀጥሎ ስንት ማሳ፣ ስንት ናሙና የሚለውን ተመልከቺ። ከአንድ ማሳ 30 የጎመን ቅጠል መልቀምና ከ30 ማሳዎች አንድ አንድ መልቀም በሠንጠረዥ ላይ ሁለቱም «30 ናሙና» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ግን ስለዚያ አንድ ማሳ ብቻ ነው የሚነግርሽ፤ ስለ ወንዙ ዳርቻ እርሻዎች በሙሉ እንዲናገር ልትፈቅጂለት አይገባም።

ናሙናው ላቦራቶሪ ከደረሰ በኋላም ጥያቄሽን አታቋርጪ። ጎመኑ ከመፈተሹ በፊት ታጥቧል ወይስ አልታጠበም? ቅጠሉ ላይ ያረፈ አቧራ ተክሉ በሥሩ ከሳበው ብረት ጋር ተደምሮ ከተለካ፣ ውጤቱ ስለ ወንዙ ውኃ ብቻ ሳይሆን ስለ መንገዱ አቧራም ይሆናል። የተለካው ጠቅላላ ክሮሚየም ነው ወይስ ባለ ስድስት ቻርጁ ክሮሚየም? ቆዳ ፋብሪካዎች በብዛት የሚጠቀሙት ባለ ሦስት ቻርጁን ሲሆን፣ ካንሰር በማስከተል የሚታወቀው ደግሞ ባለ ስድስቱ ነው፤ አቶሚክ አብዞርፕሽን ስፔክትሮሜትር በተባለው የብረት መለኪያ መሣሪያ በተለመደው መንገድ የሚገኘው ውጤት ግን የሁለቱን ድምር ነው የሚሰጠው። ጸሐፊዎቹ ጠቅላላውን ለክተው በውይይቱ ስለ ካንሰር ከጻፉ፣ በመካከል ያልተሞላ ክፍተት አለ። መሣሪያው በትክክል መለካቱን ለማረጋገጥስ ምን አደረጉ? መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ብረት ናሙናው ላይ ጨምረው ምን ያህሉን መልሰው እንዳገኙ፣ ወይም ይዘቱ የተረጋገጠ ማመሳከሪያ ናሙና ለክተው እንደሆነ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ፈልጊ። ዓረፍተ ነገሩ አጭርና አሰልቺ ስለሆነ ተማሪዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ለሕትመት የቀረበ ጽሑፍ እንድገመግም ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው።

ማነጻጸሪያ አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄም ከዚህ ክፍል አይወጣም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ያዩትን ነገር አስታውሺ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ትዝብቱን ለሳይንስ የሚበቃ ያደረገው ሞቱን ካዩበት ቦታ ጋር እንዶድ ያልደረሰበትን የወንዙን ክፍል ማነጻጸር መቻሉና ከዚያም በላቦራቶሪ በእንዶድና ያለ እንዶድ መፈተሹ ነው። በአንቺም ጽሑፎች ውስጥ በጉድጓድ ወይም በምንጭ ውኃ የለማ ጎመን አብሮ ተለክቷል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ካልተለካ፣ ብረቱ ከወንዙ መጣ ወይስ ከአፈሩ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል።

ወደ ሠንጠረዡ ስትመጪ ቁጥሩን ከማየትሽ በፊት የሠንጠረዡን አናት አንብቢ፤ በተለይ የመለኪያ አሃዱን። ለሁለተኛው ጥያቄሽ፣ ማለትም ጽሑፎቹ እርስ በርሳቸው ለምን እንደሚጋጩ፣ ዋናው መልስ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ በዝርዝር ላስረዳሽ። በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና በዓለም ጤና ድርጅት ጥምር የሚመራው የኮዴክስ ኮሚሽን እንደ ጎመን ላሉ ቅጠላማ አትክልቶች የወሰነው ከፍተኛ የእርሳስ መጠን በኪሎ ግራም 0.3 ሚሊ ግራም ነው። ይህ የሚሰላው በትኩስ ክብደት፣ ማለትም ጎመኑ ከገበያ እንደተገዛ ባለው ክብደት ነው። ላቦራቶሪዎች ግን ናሙናውን አድርቀውና ፈጭተው ስለሚለኩ ውጤታቸውን ብዙ ጊዜ በደረቅ ክብደት ይጽፋሉ። ከቅጠላማ አትክልት ክብደት ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ውኃ ነው። ለስሌት ያህል አንድ ሠንጠረዥ በደረቅ ክብደት በኪሎ 2 ሚሊ ግራም እርሳስ ይላል እንበል። ይህን በቀጥታ ከ0.3 ጋር ያነጻጸረ ጸሐፊ «ከተፈቀደው ከስድስት እጥፍ በላይ» ብሎ ይጽፋል፤ ወደ ትኩስ ክብደት የመለሰው ደግሞ 0.2 ያገኝና «ከተፈቀደው በታች» ይላል። ጎመኑ ያው ነው፤ ልኬቱም ያው ነው። የተለየው የመጨረሻው ንጽጽር ብቻ ነው። በእጅሽ ያሉትን ጽሑፎች አውጥተሽ በየሠንጠረዡ ግርጌና በየጥናት ዘዴው ውስጥ «ደረቅ ክብደት» ወይም «ትኩስ ክብደት» የሚል መኖሩን ፈትሺ። የትኛውም ካልተጻፈ፣ በዚያ ሠንጠረዥ ላይ ተመሥርቶ የተሰጠው የጤና መደምደሚያ ሊረጋገጥ የማይችል መሆኑን በሰሚናሩ ላይ በድፍረት ተናገሪ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ «አልተገኘም» የሚለው ቃል። መሣሪያው ሊያየው የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ስንት እንደሆነ በጽሑፉ ውስጥ መገለጽ አለበት። ያ መጠን በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም ከሆነና ገደቡ 0.3 ከሆነ፣ «እርሳስ አልተገኘም» የሚለው ውጤት ስለ ጎመኑ ደኅንነት የሚነግረን ነገር የለም። በሚሊ ግራምና በማይክሮ ግራም መካከል ያለው የሺህ ልዩነትም እንዳያመልጥሽ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያወጣው የእርሳስ መመሪያ በአንድ ጽሑፍ በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም፣ በሌላው 10 ማይክሮ ግራም ተብሎ ቢጻፍ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ስታቲስቲክሱን በተመለከተ ሁሉን ለማወቅ አትቸኩዪ፤ ለጊዜው ጥቂት ነገር ይበቃሻል። ከአማካዩ ቀጥሎ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ተከትሎት የሚመጣው ቁጥር ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው ወይስ ስታንዳርድ ኤረር? የመጀመሪያው ናሙናዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳያል። ሁለተኛው አማካዩ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ የሚያሳይ ሲሆን መጠኑ ሁልጊዜ ያንሳል፤ ለምሳሌ በ9 ናሙና ሲሰላ የመጀመሪያው አንድ ሦስተኛ ነው። ያልተገለጸ ከሆነ ሠንጠረዡ ከእውነቱ ይልቅ የተስተካከለ መስሎ ሊታይ ይችላል። ፒ ቫልዩ ከ0.05 በታች ነው የሚለውም «ግኝቱ እውነት የመሆን ዕድሉ 95 በመቶ ነው» ማለት አይደለም፤ ይህን ስሕተት በታተሙ ጽሑፎች ውስጥ ሳይቀር ታገኚዋለሽ። ትርጉሙ፣ በእርግጥ ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ የማየት ዕድሉ ከ5 በመቶ በታች ነው የሚል ነው። አንድ ጽሑፍ 5 ብረቶችን በ4 ቦታዎች ከማነጻጸሪያው ጋር ካወዳደረ 20 ፈተናዎች አድርጓል፤ ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ ከሃያው አንዱ በአማካይ በአጋጣሚ «ጉልህ» ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ በስታቲስቲክስ ጉልህ የሆነ ልዩነት ለተመጋቢው ጤና ምንም የማይለውጥ ትንሽ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ወደ ውይይቱ ስትደርሺ ሥራሽ እያንዳንዱን ድምዳሜ ወደ ሠንጠረዡ መልሶ ማገናኘት ነው። «ሊሆን ይችላል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ተረጋግጧል» የሚሉት አገላለጾች በአንቺ ማስታወሻ ውስጥ እንዳይቀላቀሉ ተጠንቀቂ፤ ጸሐፊው በጥርጣሬ የጻፈውን ተማሪው በእርግጠኝነት ሲገለብጠው ደጋግሜ አይቻለሁ። በአንቺ ርእስ በተለይ የጤና አደጋ ስሌቱን መርምሪ። ስሌቱ ሰው በቀን ምን ያህል አትክልት እንደሚመገብና ክብደቱ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። እነዚህ ቁጥሮች እዚሁ ተጠንተው የተገኙ ናቸው ወይስ ከሌላ አገር ጥናት የተወሰዱ? የተሰላው ለ70 ኪሎ አዋቂ ብቻ ነው ወይስ ለሕፃናትም? ለሁለት ወር ያህል በሚዘልቀው የዐቢይ ጾም ጎመን በየቀኑ ከማዕዱ የማይጠፋበት ቤተሰብ በአማካዩ ውስጥ ይታያል ወይ? ይህን የመሰለ ጥያቄ የውጭ አገር ገምጋሚ ላያስበው ይችላል፤ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ።

«የትኛውን ልመን» ላልሽው፣ ከላይ ያሉትን ነጥቦች ይዘሽ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን በአንድ ገጽ አስቀምጪ፦ ቦታ፣ ወቅት፣ የአትክልት ዓይነት፣ መታጠብ አለመታጠብ፣ ደረቅ ወይስ ትኩስ፣ የመሣሪያው ዝቅተኛ ልክ፣ የተጠቀሙበት መመዘኛ። ብዙውን ጊዜ ቅራኔ የመሰለው ነገር እዚያ ገጽ ላይ ይፈታል። ያልተፈታ ቅራኔ ከቀረሽም አትደንግጪ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ የሚሆን ጥያቄ አግኝተሻል።

ጆርናሉን ስለ መመዘን ብዙ አልልም። በገምጋሚዎች አልፎ መታተም ማጣሪያ እንጂ ዋስትና አይደለም፤ ላንሴት የተባለው ስመ ጥር የሕክምና ጆርናል የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን፣ በ12 ሕፃናት ላይ የተመሠረተ የ1998 ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ የሻረው በ2010 ነው። ስለዚህ ጽሑፉ የተሻረ መሆን አለመሆኑን በአሳታሚው ገጽ ላይ አረጋግጪ። ገንዘብ ከከፈላችሁ በጥቂት ቀናት አሳትማለሁ የሚል ጆርናልም ግምገማ አያደርግም ማለት ነው። ይሁን እንጂ የአገር ውስጥ ሕትመት ሁሉ ደካማ ነው የሚለውን የተሳሳተ አስተያየት አትቀበዪ፤ የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል ከ1962፣ የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ቡለቲን ደግሞ ከ1987 ጀምሮ የሚታተሙ ናቸው፤ ስለ አፈራችንና ስለ ውኃችን ብዙውን መረጃ የምናገኘውም ከእንዲህ ዓይነቶቹ ነው።

ጽሑፎቹን ለማግኘት ኢትዮጵያ ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው መርሐ ግብር ተቋሞቻቸው በነፃ ከሚጠቀሙ አገሮች አንዷ መሆኗን ዕወቂ፤ የዩኒቨርሲቲሽን ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ስለ መግቢያው ጠይቂያቸው። የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይን የሚባለውም በርካታ የአህጉራችንን ሕትመቶች ይዟል። መብራትና ኔትወርክ ባለበት ጊዜ፣ ግቢ ውስጥ ሳለሽ አውርደሽ አስቀምጪ፤ ማታ ቤት ሆኖ መፈለግ ጊዜ ይፈጃል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እመክርሻለሁ፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፎች በኦንላይን ማከማቻው ፈልጊ። ጆርናሉ በቦታ ጥበት ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈውን የላቦራቶሪ ሥራ፣ መመረቂያ ጽሑፉ በገጾች ዘርዝሮ ያስቀምጠዋል፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም።

ከጓደኞችሽ ጋር ስታጠኑ ጽሑፎቹን ተከፋፍላችሁ አታንብቡ። ሁላችሁም አንዱን ጽሑፍ አንብቡና አንዳችሁ እንደ ጸሐፊው ሆናችሁ ተከላከሉለት፣ ሌሎቻችሁ ጠይቁት፤ ውይይቱንም በአማርኛ ወይም በሚቀላችሁ ቋንቋ አድርጉት። ለመረዳትሽ ማረጋገጫው ግን ሌላ ነው፦ ሳይንስ ላልተማረ የቤተሰብሽ አባል «እነዚህ ሰዎች ይህን ለማወቅ ፈለጉ፣ ይህን አደረጉ፣ ይህን አገኙ፣ ይህን ግን አላወቁም» ብለሽ መንገር ከቻልሽ ጽሑፉ ገብቶሻል። አራተኛው ሐረግ ከጠፋብሽ ወደ ጥናት ዘዴው ተመለሺ።

ለሰሚናሩ ጊዜ ካለሽ አንድ ተጨማሪ ሥራ ሥሪ። በየጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ለደብዳቤ የተመደበው ጸሐፊ የኢሜይል አድራሻ አለ። ስምሽንና ትምህርት ክፍልሽን ገልጸሽ፣ ጽሑፉን ማንበብሽን ጠቅሰሽ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ላኪ፤ ለምሳሌ በሠንጠረዡ ያለው ውጤት በደረቅ ክብደት ነው ወይስ በትኩስ፣ ናሙናውስ ከመድረቁ በፊት ታጥቦ ነበር ወይ። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ሥራቸውን በጥንቃቄ ያነበበ ተማሪ ሲጠይቃቸው ይደሰታሉ። መልስ ከመጣ ከምንጩ ጋር ጠቅሰሽ አቅርቢው፤ ካልመጣም ጥያቄውን ከነምክንያቱ ለመምህርሽና ለክፍል ጓደኞችሽ አቅርቢ።